የጎርጎራ ኖራና መሮ

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎርጎራ ከተማ ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ አገሬው «ማርያም ግምብ» የሚለው የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ጣሪያው በአብዛኛው ወድቋል። በግድግዳው ጫፍ ላይ የበቀሉ ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ መካከል ሰድደዋል። ከመቅደሱ በላይ ከነበረው ቅስት ጣሪያ የተረፈውን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ግን ዓይኑን ቶሎ አይነቅልም። የጣሪያው ሆድ በአራት ማዕዘን ጎድጓዳ ክፍሎች ተሸንሽኗል፤ በየጎድጓዳው መካከል አንዳንድ አበባ ተፈልፍሏል።

አበባውን መፈልፈል ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ለስላሳ ድንጋይ፣ የተሳለ መሮና የሠለጠነ እጅ ያለው ጠራቢ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጨርሰዋል። ከባዱ ወደ ላይ ማውጣቱ ነው። ጣሪያው ከአንዱ ግድግዳ ተነስቶ ታጥፎ ሌላው ላይ የሚያርፍ ስለሆነ፣ የጎድጓዶቹ መስመር በመቅደሱ ርዝመትም በቅስቱ ጉብታም መግጠም አለበት። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጣት የማይሞላ ስሕተት ከተሠራ፣ አናቱ ላይ ሲደረስ መስመሩ ሳይገናኝ ይቀራል። ይህን የሠራ ሰው አንድ ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት ጣሪያውን በሙሉ በራሱ ውስጥ ጨርሶት ነበር ማለት ነው። በአገራችን ካሉ የ17ኛው መቶ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ልክ የታየባቸው ጥቂት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ እንደዚህ የተረሳም እምብዛም የለም።

ግንቡን ያቆሙት የካቶሊክ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር መነኮሳት ናቸው። በአገራችን ልማድ በዚያ ዘመን የተሠራ ግንብና ድልድይ ሁሉ «የፖርቹጋሎች» ይባላል። ስሙ ከሥር መሠረቱ ስሕተት አይደለም፤ ሚሲዮኑ የሚተዳደረው በፖርቱጋል ዘውድ ደጋፊነት፣ በህንድ ጎዋ በኩል ነበር። ነገር ግን ከ1580 እስከ 1640 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ፖርቱጋልና ስፔን በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ ሚሲዮን ዋና ዋና ሰዎችም አንዳንዶቹ ስፔናውያን ነበሩ። ከዚያም በፊት በ1557 የመጣውና በአድዋ አጠገብ ማይ ጓጓ ላይ ሰፍሮ በ1577 ያረፈው ጳጳሱ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ ስፔናዊ ነው። ሰፈሩን በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በፍሬምናጦስ ስም ፍሬሞና ብለውታል። ከሁሉ የታወቀው ፔድሮ ፓኤዝም በ1564 ከማድሪድ ብዙም በማትርቅ መንደር የተወለደ ካስቲላዊ ነበር።

ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በመከራ ነው። በ1589 ከካታሎናዊው ጓደኛው ከአንቶኒዮ ደ ሞንሴራቴ ጋር በደቡብ አረቢያ ባሕር ተማረከ፤ ሰባት ዓመት ያህል በሐድራሞትና በየመን እስረኛ ሆኖ፣ የመርከብ መቅዘፊያ ላይም ታስሮ ኖረ። ከተዋጀ በኋላ እንደገና ተነስቶ፣ በ1603 የአርመን ነጋዴ መስሎ ከህንዱ የዲዩ ወደብ ወደ ምጽዋ ተሻገረ። አማርኛና ግእዝ ተማረ። በመጀመሪያ አፄ ዘድንግል፣ ኋላም በ1607 ዙፋኑን ያረጋገጡት አፄ ሱስንዮስ ወደዱት። በ1618 ከንጉሡ ጋር ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አይቶ ጽፏል፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ አዘጋጅቶ ካበቃ በኋላ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ዓለም የሚያስታውሰው በግሽ ዓባይ ነው። እኔ ግን መዶሻ በያዘው እጁ ብናስታውሰው እመርጣለሁ።

ሱስንዮስ በጎርጎራ ልሳነ ምድር ላይ ቤተ መንግሥት ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ በ1614 ገደማ፣ ሥራውን የመራው ፓኤዝ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊዎችና ኋላም ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ ተረኩት፣ መዶሻውን፣ መሮውን፣ መላጊያውንና መጋዙን አሠራሩን እያሳየ አሠራ፤ አንጥረኛውንም፣ አናጢውንም፣ ግንበኛውንም ሥራው ላይ አስተማረ። ሕዝቡ ፎቅ ስላላየ ቤት ላይ ቤት ሲሠራ ለማየት ከሩቅ ይመጣ ነበር ይባላል። ብሩስ ሌላም ይጨምራል፤ ንጉሡን ሊገድሉ ያሰቡ መኳንንት ተከትለዋቸው ደረጃ ሲወጡ፣ ሱስንዮስ ፓኤዝ ባለ ሞላ ቁልፍ ያበጀለትን በር አልፈው ለቀቁት፤ በሩ በራሱ ተቆልፎ ሴረኞቹ ውጭ ቀሩ። ታሪኩ ሲነገር የኖረው ስለ ሴራው ነው፤ እኔን የሚይዘኝ ግን አንድ መነኩሴ ለበር መቆለፊያ ያን ያህል መጨነቁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል ያስፈልጋል። የጉዞ መመሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ማርያም ግምብን የፓኤዝ ሥራ ያደርጉታል። ፓኤዝ የሠራበት አሮጌው ጎርጎራ ሌላ ስፍራ ነው። ዛሬ ቆሞ የምናየው ሚሲዮኑ ወደ አዲሱ ጎርጎራ ከተዛወረ በኋላ፣ ፓኤዝ ካረፈ ወዲያ በ1620ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተሠራው ነው። ልዩነቱ የዓመት ብቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል ኖራ ተገኝቷል።

በጣና ዙሪያ ያለው ምድር እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሞልቷል፤ ለኖራ የሚቃጠል ድንጋይ ግን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የፓኤዝ ዘመን ግንብ በጭቃ የሚያያዝ ነበር። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ጥሩ ድንጋይ ከገባበት ረጅም ዘመን ይቆማል፤ የአገራችን ግንበኛም ጭቃ አያያዝ ከጥንት ያውቃል። ጭቃ የማይችለው ቅስት ጣሪያን፣ ውሃ መያዝንና ዝናብ ላይ ተጋልጦ መቆየትን ነው። በ1620ዎቹ ከንጉሡ ከተማ ከደንቀዝ ብዙም ሳይርቅ ቀላል፣ ትል የበላው የሚመስል ድንጋይ ተገኘ፤ ሲያቃጥሉት ጥሩ ነጭ ኖራ ሆነ። ይህን የጻፈው የሚሲዮኑ ሰው ማኑኤል ደ አልሜይዳ ሲሆን፣ ድንጋዩን ያወቀው ከህንድ የመጣ ባለሙያ እንደ ነበር ይናገራል።

ኖራ ሥራው በትዕግሥት ነው። ድንጋዩ በእቶን ውስጥ ወደ 900 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላል፤ በውስጡ የነበረው አየር ወጥቶ ድንጋዩ ይቀላል። ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈርሳል፤ ባጠገቡ የቆመውን ፊት የሚለበልብ እንፋሎት ይወጣዋል። ከዚያ ተጣርቶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ በቆየ ቁጥር እንደ እርጎ ይረጋል፣ ይሰባል። በአሸዋ ተለውሶ ድንጋይ መካከል ከገባ በኋላ በእቶን ያጣውን አየር ከነፋስ እየሳበ፣ ከወር ወደ ወር፣ ከዓመት ወደ ዓመት፣ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ግድግዳው ከተሠራ በኋላም ገና እየተሠራ ነው ማለት ይቻላል። አሁን በማርያም ግምብ መጋጠሚያዎች መካከል ጣት ሲያስነኩት የማይፈረፈረው ነጭ ነገር ያ ነው።

እኔ የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈራችን የፋብሪካ፣ የመጋዘን፣ የከባድ መኪናና የብሎኬት ሰፈር ነው፤ በየመንገዱ ዳር ሲሚንቶና ጠጠር ተደባልቆ በማሽን ይጨመቃል፣ ጸሐይ ላይ ይደረደራል፣ በማግስቱም ይጫናል። ድንጋይ በመሮ የሚጠርብ ግንበኛ ቁጥሩ እያነሰ ሄዷል። ከነሱ አንዱ፣ አሁን በዕድሜ ምክንያት ሥራ ያቆሙ ጎረቤቴ፣ የማርያም ግምብን ፎቶግራፎች በስልኬ ላይ እያሰፉ ሲያዩ ዝም ብለው ቆዩ። «ጋሼ፣ ምን ይታይዎታል?» ብላቸው ጣሪያውን ትተው ማዕዘኑን አሳዩኝ። «ጣሪያውን ኋላ ታየዋለህ ልጄ። መጀመሪያ ማዕዘኑን እይ። ማዕዘኑ ካልተናከሰ ግድግዳ የለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የቆየ ግንብ ሳይ ከማዕዘኑ እጀምራለሁ።

በእርግጥም የዚያ ዘመን ግንብ አሠራር እዚያው ላይ ይነበባል። የግድግዳው ሰፊው ገላ ብዙ ያልተጠረበ የአገር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ትልቁና ትንሹ ተመርጦ፣ ክፍተቱ በስንጥር ድንጋይ ተሞልቶ፣ በኖራ ተያይዟል። ልፋቱ የተጠራቀመው ግድግዳው በሚፈተንበት ቦታ ነው፤ ማዕዘን ላይ፣ በር መቃን ላይ፣ መስኮት አናት ላይ፣ ቅስት እግር ላይ። እዚያ ድንጋዩ ይለወጣል፤ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ቀለሙ የፈካ፣ በልክ የተጠረበ ይሆናል። ማዕዘን ላይ አንዱ ድንጋይ ረጅም ጎኑን ወደ ምሥራቅ ከሰጠ፣ ከላዩ ያለው ወደ ሰሜን ይሰጣል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ሁለቱን ግድግዳ ይቆልፋሉ። ይህ የቁጠባ ጥበብ ነው። ጠራቢ ውድ ነው፣ ለስላሳ ድንጋይ ከሩቅ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም ያለ እነሱ በማይሆንበት ቦታ ብቻ ይውላሉ። ሁሉን ነገር በጥርብ ድንጋይ የሸፈነ ሕንፃ ሀብትን ያሳያል፤ ጥርቡን ቦታ መርጦ ያስገባ ግንበኛ ግን ሕንፃው ክብደቱን የት እንደሚጥል ማወቁን ነው የሚያሳየው።

ቅስቱ ደግሞ ሌላ ችሎታ ይጠይቃል። ድንጋዮቹ ተሰድረው ቁልፉ ድንጋይ አናት ላይ እስኪገባ ድረስ ቅስት በራሱ አይቆምም፤ ከሥሩ የእንጨት ካሳፎርማ ይሸከመዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የድንጋይ ቅስት በፊት አንድ የእንጨት ቅስት ነበር፤ ከእያንዳንዱ ግንበኛ ጎን አንድ አናጢ ነበር። አናጢው ክቡን ካበላሸ ግንበኛው ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ቅስቱ ይጎብጣል። ሥራው ሲያልቅ ካሳፎርማው ይፈርሳል፣ እንጨቱም ለሌላ ሥራ ይሄዳል፤ የአናጢው ልክ ግን በድንጋዩ ላይ ታትሞ ይቀራል።

የማን እጅ ነው ታዲያ? ዕቅዱ የአውሮፓ ነው። ረጅም አራት ማዕዘን አዳራሽ፣ በስተመጨረሻው መቅደስ፣ በግራና በቀኝ ትናንሽ ጸሎት ቤቶች፣ የፊት ለፊት ግድግዳው ለዓይን የተሠራ፤ ይህ በሮምም በሊዝቦንም የነበረ የማኅበሩ ልማድ ነው። ጌጡን ሲያዩት ግን ዓይን ወደ ህንድ ይሄዳል። ፓኤዝ የተነሳበት የዲዩ ወደብ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን አለው፤ ፊቱ ከእግር እስከ ራስ በአበባና በቅጠል የተፈለፈለ ነው። ባዶ ቦታን የማይወድ፣ እያንዳንዱን ጎድጓዳ በአበባ የሚሞላ ያ መንፈስ ጎርጎራ ላይም ይታያል። በ1625 ከፓትርያርኩ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ግንበኛ ነበር።

የሁለቱንም አገር ድርሻ ከቆጠርን በኋላ የሚቀረው ትልቁ ድርሻ ነው። በጣት የሚቆጠሩ መነኮሳትና ጥቂት ህንዳውያን ያን ሁሉ ድንጋይ ከካባ አላወጡትም፣ አልተሸከሙትም፣ አልጠረቡትም። ጥቁሩን ድንጋይ በስንጥር እየደገፈ የደረደረው እጅ ይህን ድንጋይ ከልጅነቱ የሚያውቅ የአገር ሰው እጅ ነው። የላሊበላን ዐለት የፈለፈለ፣ የይምርሐነ ክርስቶስን ግድግዳ በእንጨትና በድንጋይ ያፈራረቀ አገር መሮ ለመያዝ ከማንም ፈቃድ አላስፈለገውም። አዲስ የሆነበት ኖራውና ቅስት ጣሪያው ነው። የሁለቱን ምስጢር ለመያዝ የፈጀበት ጊዜም በጣም አጭር ነው፤ ማረጋገጫው ኋላ ይመጣል።

ስለ ጥርብ ሥራ ከተነሳ ግን ከጎርጎራ ይልቅ ልቤ የሚሄደው ምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በጦርነት ከፈረሰ በኋላ፣ ጣሊያናዊው የማኅበሩ አባል ብሩኖ ብሩኒ በ1620ዎቹ መጨረሻ እንደገና አሠራው። ዛሬ ከክቡ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ፍርስራሹ ቆሟል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ አይቶ ሥዕሉን አሳትሞታል፤ ከዚያ ወዲህ የደረሰ ሁሉ የሚያነሳው ጥርቡን ነው። በቅስቶቹ ዙሪያና በግድግዳው መታጠቂያ ላይ የሚሄደው አበባና ሐረግ ጥልቀቱ ያስደንቃል። ጠራቢው ቅጠሉን ድንጋዩ ላይ አልጻፈውም፤ ከኋላው ቆፍሮ ከመደቡ አላቅቆታል። ጠዋት ብርሃን በጎን ሲመታው ከየቅጠሉ ሥር ጥላ ይወጣል፤ ቀትር ላይ ጥላው ይሰበሰባል፤ ማታ በሌላው ጎን ይመለሳል። ይህን ለማግኘት የመሮው ጫፍ ቀጭን ቅጠል ጀርባ ድረስ ሲገባ አንድ ምት ከበዛ ቅጠሉ ይሰበራል፣ የብዙ ቀን ሥራም ይጠፋል። የመጽሐፍ ሐረግ የሚያውቅ አገር ይህን ሐረግ ሲያይ ባዕድ አልሆነበትም ብዬ አስባለሁ። በብራና ጠርዝ ላይ በቀለም ሲጠማዘዝ የኖረውን ጠራቢው በድንጋይ አገኘው።

ውሃ የያዙት ሥራዎችም አሉ። በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ የሱስንዮስ የአትክልት ስፍራና ኩሬ ነበር፤ በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ሥር ደግሞ ጣሪያው በቅስት የተሸፈነ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጣ በቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመራ ቡድን ከ2006 ጀምሮ እነዚህን ቦታዎች ቆፍሮ፣ ለክቶ፣ ካርታ አንስቶላቸዋል፤ ጥናቱም በ2017 በመጽሐፍ ወጥቷል። ማጠራቀሚያ ለግንበኛ ከቤተ ክርስቲያን የበለጠ ፈተና ነው። ግድግዳ ላይ ያለች ስንጥቅ ለዓይን ታስቀይም እንደሆን እንጂ ሰው አይጠማም፤ ማጠራቀሚያ ላይ ያለች ስንጥቅ ግን ውሃውን ጨርሳ ትወስደዋለች። ልስኑ ተደጋግሞ በስሱ መቀባት፣ እያንዳንዱ ንብብር ሳይደርቅ በለስላሳ ድንጋይ መታሸት ነበረበት።

ከዚህ ዘመን በኋላ በስፔን ዘውድ ስም፣ በዓለም ማዶ፣ ሌሎች ሚሲዮኖች ተሠርተው ነበር። በዛሬዋ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ከ1718 ጀምሮ የተተከሉት አምስቱ የጠረፍ ሚሲዮኖች በ2015 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እዚያም ድንጋይ ጠረቡ፣ ኖራ አቃጠሉ፣ ውሃ በድንጋይ ቦይ አሻገሩ። በሳን ሆሴ ሚሲዮን ያለው «የጽጌረዳ መስኮት» የሚባለው ጥርብ ከመርጡለ ማርያም ቅጠሎች ጎን ቢቀመጥ አያሳፍርም። ልዩነቱ ከግድግዳው ውጭ ነው። እዚያ ከሚሲዮኑ ጎን የወታደር ምሽግ ነበረ፤ የአገሬው ሰው በሚሲዮኑ ቅጥር ውስጥ ገብቶ በሚሲዮኑ ሕግ ይኖር ነበር፤ መሬቱም የስፔን ንጉሥ ነው ተብሎ ነበር። እዚህ መነኮሳቱ የኢትዮጵያ ንጉሥ እንግዶች ነበሩ። መሬቱን የሰጡ ንጉሡ፣ ሠራተኛውን ያዘዙ ንጉሡ። ፍሬሞናም ሆነ እንፍራዝ አጠገብ ያለው ደብሳን በቅጥርና በግንብ የተመሸጉ ነበሩ፤ ነገር ግን ንጉሡ ፊታቸውን ካዞሩ ያ ቅጥር ማንንም አያድንም ነበር።

ፊት ዞረ። ፓኤዝ በለዘብታ የሄደበትን መንገድ ሜንዴዝ በኃይል ሄደበት። በ1626 ሱስንዮስ ለሮማ የታማኝነት መሐላ ከፈጸሙ በኋላ ክህነት እንደገና ይሰጥ፣ ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ የቅዳሜ ሰንበት ይሻር ተባለ። አባቶቹ ያቆዩለትን ሃይማኖት ሐሰት ነው የተባለ ሕዝብ ተነሳ፤ ደም ፈሰሰ። በሰኔ 1632፣ ከአሰቃቂው የወይና ደጋ ጦርነት በኋላ፣ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት በአዋጅ መለሱ፤ በዚያው ዓመት አረፉ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ መነኮሳቱን አስወጡ። የዚያ ዘመን በደል በግንቡ ውበት አይካስም፤ እኔም ውበቱን የምጽፈው በደሉን ለማቅለል አይደለም። የሞቱት የሞቱት ያንን ሃይማኖት አንቀበልም ብለው ነው፤ ትክክልም ነበሩ።

ይሁን እንጂ ፋሲለደስ መነኮሳቱን ሲያስወጡ ኖራውን አላስወጡም። ከ1636 ገደማ ጀምሮ ጎንደር ላይ የተነሱት ግንቦች ማዕዘናቸው የተቆለፈው፣ መስኮታቸው ለስላሳ ጥርብ ድንጋይ የለበሰው፣ ጣሪያቸው በቅስት የተሸፈነው በዚያው አሠራር ነው። አሠሪው ኢትዮጵያዊ ንጉሥ ነው፤ ሠራተኛውም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጎርጎራና አዘዞ ላይ እጁን የፈታ ትውልድ ነው። አምባሻ በሚመስል ክብ ጉልላት የተጨረሱ የማዕዘን ማማዎች የጎንደር ግንቦች መለያ ናቸው። ከላይ ማረጋገጫው ይመጣል ያልኩት ይኸው ነው፤ አሠራሩ በባለሙያ እጅ ገብቶ ስለ ነበር ያመጡት ሲሄዱ አብሮ አልሄደም።

በዚያው አሠራር የተሠሩ ድልድዮችም አሉ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ባለው ጠባብ ሸለቆ የተሠራው የአላታ ድልድይ በዓባይ ላይ ከቆሙት የድንጋይ ድልድዮች ቀደምቱ ነው። የአገሬው ወግ ኖራው በእንቁላል እንደ ተለወሰ ይናገራል። እኔን የሚደንቀኝ ቦታ አመራረጡ ነው። ግንበኞቹ ወንዙ ጥቁሩን ድንጋይ ሰንጥቆ የሚጠብበትን ስፍራ ፈልገው፣ የቅስቱን እግር ዐለቱ ላይ አሳረፉት፤ ስለዚህ የክረምት ጎርፍ መሠረቱን የሚቦረቡርበት አፈር አላገኘም። ከቅስቱ ጎን ሌሎች ትናንሽ ቅስቶች ተሠርተዋል፤ ወንዙ ሲሞላ ውሃው ግድግዳውን ሳይገፋ በነሱ ያልፋል። ዛሬም ወደ ፏፏቴው የሚሄድ እንግዳና ወደ ገበያ የሚሄድ የአገር ሰው በላዩ ይሻገራሉ። ወደ ታች ያለው፣ በፋሲለደስ ዘመን መጨረሻ የተሠራው ሰባራ ድልድይ ደግሞ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ቅስቱን ስለ ቆረጡት ነው። በኋላ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር፤ በአንድ መጽሔት የወጣው የዚህ ፎቶግራፍ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎችን አንቀሳቅሶ ድልድዩ ተጠግኖ ነበር።

ማርያም ግምብ ግን የሚሻገርበት ስለሌለ ተጠጋኝም አጥቷል። ቅስት ጣሪያ ሲፈርስ በአንድ ጊዜ አይፈርስም። የዛፍ ሥር መጋጠሚያውን ይከፍታል፤ ዝናብ ይገባል፤ ኖራው ይታጠባል፤ አንድ ድንጋይ ይወርዳል። አንዱ ድንጋይ ሲወርድ ጎረቤቶቹ የሚደገፉበትን ያጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከባድ ጥገና አይደለም፤ የቆመውን በእንጨት መደገፍ፣ ከላይ የበቀለውን ቆርጦ ሥሩን ሳይጎትቱ ማድረቅ፣ የወደቁትን አበባ ያለባቸውን ድንጋዮች ከወደቁበት ሳያንቀሳቅሱ ቁጥር ሰጥቶ መመዝገብ ነው። ሥሩ በኃይል ከተነቀለ ድንጋዩንም ይዞት ይመጣል።

ቀጥሎ ሲሚንቶ እንዳይነካው መከልከል ያስፈልጋል። ይህን በብሎኬት ሰፈር ኖሬ የምናገረው ሲሚንቶ ጠልቼ አይደለም። ሲሚንቶ ከኖራው ይጠነክራል፣ እርጥበት ያፍናል፤ ግድግዳው መተንፈሻ ሲያጣ ውሃው በለስላሳው ጥርብ ድንጋይ በኩል ይወጣና የተፈለፈለውን ፊት ይልጣል። በጎንደር ፋሲል ግቢ፣ በ1979 የዓለም ቅርስ በሆነው፣ ይህ በተግባር ታይቷል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በሲሚንቶና በብረት የጠገኑት በኋላ እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። በዚያ ሥራ ላይ ኖራ አፍልተው፣ አስተኝተው፣ ለውሰው የተማሩ ግንበኞች ጎንደር ላይ አሉ። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እነዚያን ሰዎች ወደ ጎርጎራ መላክ፣ ከእያንዳንዳቸውም ጋር ሁለት ሦስት ወጣት ማሰለፍ፣ ሥራውንም ከጣሪያው ሳይሆን ከማዕዘኑ ማስጀመር ይቻላል፤ ከክረምቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።